አንሪ ላንግሏና የድምፅ አልባ ፊልሞች ዕጣ

ፊልም በታሪኩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አይናገርም ነበር። የሉሚዬር ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ለከፋይ ተመልካች ካሳዩበት ምሽት አንሥቶ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በ1927 ለዕይታ እስከበቃበት ጊዜ ድረስ፣ ጥቂት ሙከራዎች ካልሆኑ በቀር፣ ፊልሞች ታሪካቸውን የሚነግሩት በምስል፣ በተዋናይ እንቅስቃሴና በምስሎች መካከል በሚገቡ አጫጭር ጽሑፎች ነበር። ድምፅ ከመጣ በኋላ ግን ሁኔታው በፍጥነት ተለወጠ። የሲኒማ አዳራሾች ድምፅ ማጉያ ገጠሙ፤ ከመጋረጃው ሥር ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ተሰናበቱ፤ ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ሕዝብ የተጋፋባቸው ፊልሞች ገበያ የሌላቸው ሆኑ። ብዙ ባለቤቶች በፊልሙ ገጽ ላይ ያለውን ብር አስለይተው ለመሸጥ ሲሉ ቅጂዎቹን አጠፉ፤ ሌሎች መጋዘን ላለማጣበብ አቃጠሏቸው። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 በዚያች አገር ከወጡት ወደ 11,000 የሚጠጉ ባለ ሙሉ ርዝመት ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ ይዞታቸው ተሟልተው የተገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥፋቱ የተረፉት ፊልሞች የተረፉት ባብዛኛው በመንግሥታት አስተዋይነት አይደለም። ጥቂት ግለሰቦች፣ አብዛኞቹም ሥልጣንም ገንዘብም ያልነበራቸው፣ ቅጂዎችን ከቁንጫ ገበያና ከመጋዘን ለቅመው ስላስቀመጡ ነው። ከእነዚህ መካከል በስም ጎልቶ የሚታወቀው የፓሪሱ «ሲኔማቴክ ፍራንሴዝ» መሥራችና ዳይሬክተር አንሪ ላንግሏ ነው። ላንግሏ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ እንደ ሰብሳቢ ነው። የሕይወቱ ዋና ጥያቄ ግን ስለ መሰብሰብ ሳይሆን ስለ ማየት ነበር፦ አንድ ሰው ሊያየው የማይችል ፊልም ተጠብቋል ይባላል ወይ? ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ታላቅነቱንም ጥፋቱንም በአንድነት ያስረዳል።

ከሰምርኔስ እስከ ፓሪስ

ላንግሏ ኖቬምበር 13 ቀን 1914 በኦቶማን ግዛት በነበረችው የወደብ ከተማ በሰምርኔስ፣ በዛሬዋ ኢዝሚር፣ ከፈረንሳውያን ቤተሰብ ተወለደ። በሴፕቴምበር 1922 በግሪክና በቱርክ ጦርነት መደምደሚያ ላይ ከተማዪቱ ስትቃጠል ቤተሰቡ ንብረቱን አጥቶ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ልጁ ያኔ ስምንተኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች በኋላ ለመጣው ሁሉን የመሰብሰብና ምንም ያለመጣል ጠባዩ መነሻውን በዚህ ቃጠሎ ውስጥ ይፈልጉታል። ግምቱ ለጆሮ ይጥማል፤ ከግምትነት ግን አያልፍም። የሚረጋገጠው ነገር ላንግሏ በፓሪስ ያደገው ድምፅ አልባው ፊልም በመጨረሻው ብስለቱ ላይ በነበረበት ዘመን መሆኑና ያ ዘመን ገና በወጣትነቱ ዓይኑ እያየ መዘጋቱ ነው።

በትምህርት አልገፋም፤ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውን ወድቆ በአንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። እዚያም በኋላ የፊልም ዳይሬክተር የሆነውን ዦርዥ ፍራንዡን አገኘ። ሁለቱ ወጣቶች የሚያወሩት ስለ ድምፅ አልባ ፊልሞች ነበር፤ ችግሩ የሚያወሩባቸውን ፊልሞች የሚያዩበት ቦታ መጥፋቱ ነበር። በ1935 የፊልም ክበብ አቋቁመው በመደበኛ ሲኒማ ቤቶች መታየት ያቆሙትን ፊልሞች ማሳየት ጀመሩ።

የፊልም ክበብ በፈረንሳይ አዲስ ነገር አልነበረም። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሪቾቶ ካኑዶና ሉዊ ደሉክ የመሳሰሉት ጸሐፍት ፊልም እንደ ሥዕልና እንደ ሙዚቃ ሊወያዩበት የሚገባ ጥበብ መሆኑን እየሰበኩ ክበቦችን መሥርተው ነበር፤ እንደ «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ያሉ በሳንሱር የታገዱ ፊልሞችም የታዩት በእነዚህ ክበቦች ነው። ልማዱ የታወቀ ነበር። ፊልሙ ይቀርባል፤ መብራት ይበራል፤ ተናጋሪ ይነሣል፤ ክርክር ይከፈታል። ላንግሏና ፍራንዡ ግን ከዚህ ልማድ አንዱን ክፍል ቈረጡት። በክበባቸው ከፊልሙ በኋላ የተደራጀ ውይይት አልነበረም። ለመወያየት የፈለገ በመንገድ ላይ ወይም ቡና ቤት ሄዶ ይወያይ ነበር።

ይህ የውይይት ጥላቻ ሊመስል ይችላል። ላንግሏ ግን በሕይወቱ ሁሉ ስለ ፊልም ማውራት ያላቆመ ሰው ነበር። የተቃወመው ከመድረክ ለተመልካች የሚሰጠውን ፍርድ ነው። በእርሱ አካሄድ የአንድ ፊልም የመጀመሪያ ሐተታ ከጎኑ የሚቀመጠው ሌላው ፊልም ነው። በአንድ ምሽት የጀርመን ፊልም ከአሜሪካ ፊልም፣ የታወቀ ሥራ ከተናቀ ሥራ አጠገብ ሲቀርብ ተመልካቹ ሳይነገረው ያነጻጽራል። ላንግሏ የጻፋቸው መጣጥፎች ቢኖሩም ትልቁ የሂስ ሥራው በየሳምንቱ ያወጣው የነበረው የፕሮግራም ዝርዝር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የክምችቱ መመሥረትና የጦርነቱ ዓመታት

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1936 ሲኔማቴክ ፍራንሴዝ በማኅበርነት ተመሠረተ። ከላንግሏና ከፍራንዡ ጋር የፊልም ታሪክ ጸሐፊው ዣን ሚትሪና የአንድ የፊልም ንግድ መጽሔት ባለቤት የነበረው ፖል ኦጉስት አርሌ አብረው ነበሩ፤ ለመጀመሪያዎቹ ግዥዎች ገንዘብ የሰጠው አርሌ ነው። ላንግሏ ያኔ 21 ዓመቱ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች የተቀመጡበት ስፍራ የሚያስገርም ነው። በ1902 «ጉዞ ወደ ጨረቃ»ን የሠራው ዦርዥ ሜሊዬስ ከከሰረ በኋላ፣ በ1923 በቍጣና በችግር ውስጥ ሆኖ የፊልሞቹን ዋና ቅጂዎች በገዛ እጁ አቃጥሎ ነበር፤ ለዓመታትም በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊትና ጣፋጭ ሲሸጥ ኖረ። በ1929 ክብሩ ከታወሰለት በኋላ በ1932 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ኦርሊ ለጡረተኛ የፊልም ሠራተኞች በተዘጋጀ ቤት እንዲኖር ተደረገ። ላንግሏና ፍራንዡ ሽማግሌውን ይጎበኙት ነበር፤ ፊልሞቻቸውንም ከዚያው አጠገብ በሚገኝ ባዶ ቤት አስቀምጠው ቍልፉን ለእርሱ ሰጡት። ሜሊዬስ በጃንዋሪ 1938 እስኪሞት ድረስ የሌሎችን ፊልሞች የሚጠብቅ ባለ ቍልፍ ሆነ።

በዚያው 1938 የፓሪሱ ክምችት ከለንደን፣ ከኒው ዮርክና ከበርሊን የፊልም ክምችቶች ጋር ሆኖ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረተ። የኒው ዮርኩን የምታስተዳድረው አይሪስ ባሪ ቀድሞ በለንደን የፊልም ሐያሲ የነበረች ሴት ናት። ትውውቁ ከሁለት ዓመት በኋላ ባልታሰበ መንገድ ጠቀመ። ጀርመን ፓሪስን ስትይዝ የአሜሪካና የእንግሊዝ ፊልሞችን ማሳየት ታገደ። በፌዴሬሽኑ ሥራ ከላንግሏ ጋር የተዋወቀው የበርሊኑ ክምችት ኃላፊ ፍራንክ ሄንዝል ደግሞ የወራሪው ጦር መኮንን ሆኖ ፓሪስ ነበር፤ ክምችቱ እንዳይነካም ረድቷል። አንድ የጀርመን መኮንን የጠላት አገር ፊልሞችን መደበቂያ እየፈለገ መርዳቱ የዚያ ዘመን ታሪክ በሁለት ቀለም ብቻ እንደማይሣል ያሳያል።

ላንግሏ ብቻውን አልነበረም። የአጋሮቹ ድርሻ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ተድበስብሶ ይታለፋል። የሥራም የሕይወትም አጋሩ የነበረችው ሜሪ ሚርሶን የታዋቂው የፊልም ትዕይንት ንድፍ ሠሪ የላዛር ሚርሶን ባልቴት ነበረች። በ1933 ከናዚዎች ሸሽታ ፓሪስ የገባችው አይሁዳዊቷ የበርሊን ሐያሲ ሎተ አይስነር በጉርስ ካምፕ ታስራ ካመለጠች በኋላ በሐሰተኛ ስም እየኖረች በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በፊዣክ አካባቢ በሚገኝ አሮጌ የቤዱዌ ግንብ ውስጥ ላንግሏ የደበቃቸውን ፊልሞች ትጠብቅ ነበር። በብርድ ውስጥ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ይዘታቸውን ትመዘግብ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ለሠላሳ ዓመት ያህል በሲኔማቴክ ሠራች፤ ስለ ጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም የጻፈችው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል።

በጸጥታ ማየት

በ1948 ሲኔማቴክ በአቬኑ ደ ሜሲን አዳራሽ ከፈተ። መቀመጫው 60 ብቻ ነበር። በ1955 ወደ ሩ ዱልም ሲዛወር ሰፋ ያለ ቦታ አገኘ፤ በዚያም በየምሽቱ ሦስት የተለያዩ ፊልሞች ይታዩ ነበር። የመግቢያው ዋጋ አነስተኛ ነበር። የተለጠፈው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይለወጣል፤ አንዱን ፊልም ሊያይ የመጣ ሰው ሌላውን አይቶ ይመለሳል። በአዳራሹ መግቢያ አካባቢ ትሠራ የነበረችው አዛውንት ሙዚዶራ ነበረች፤ በ1915 በሉዊ ፈያድ «ሌ ቫምፒር» ውስጥ በጥቍር ጥብቅ ልብስ የተወነችው፣ ያ ዘመን በሙሉ የሚያውቃት ተዋናይት። ከተመልካቾቹ ምን ያህሉ እንዳወቋት መገመት ያስቸግራል።

በፊት ረድፎች ከሚቀመጡት ወጣቶች መካከል ፍራንሷ ትሩፎ፣ ዣን ሉክ ጎዳር፣ ዣክ ሪቬትና ኤሪክ ሮሜር ነበሩ። አብዛኞቹ የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ነበሩ። ከዕይታው በኋላ እግረ መንገዳቸውን ይከራከራሉ፤ ክርክሩን «ካየ ዱ ሲኔማ» በተባለው መጽሔት ይጽፉታል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም ራሳቸው ፊልም መሥራት ጀመሩ። የፈረንሳይ «አዲስ ማዕበል» የሚባለው የፊልም እንቅስቃሴ የመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ዳይሬክተሮች ሙያውን በስቱዲዮ በረዳትነት ሲማሩ እነዚህ ግን የተማሩት የሞቱ ሰዎችን ፊልም በማየት ነው።

ላንግሏ ድምፅ አልባ ፊልሞችን የሚያሳየው ያለ ምንም ሙዚቃ ነበር። በአዳራሹ የሚሰማው የማሳያው መሣሪያ ድምፅና የተመልካች ሳል ብቻ ነው። የውጭ አገር ፊልሞችም ብዙ ጊዜ ያለ ትርጉም ጽሑፍ ይቀርቡ ነበር። ከታሪክ አንጻር ይህ ትክክል አልነበረም። ድምፅ አልባ ፊልም በተሠራበት ዘመን ፈጽሞ በጸጥታ አይታይም ነበር፤ በትንሽ ከተማ ፒያኖ፣ በትልቅ ከተማ ሙሉ ኦርኬስትራ፣ በጃፓን ደግሞ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ታሪኩን የሚያወራ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ነበረው። የፍጥነትም ጕዳይ አለ። የድምፅ አልባው ዘመን ካሜራ በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ 16፣ 18፣ 20 ምስሎች እንደ ካሜራ ሠሪው እጅ ሲያነሣ፣ የድምፁ ዘመን ማሳያ ግን በሰከንድ 24 ምስሎች ይሄዳል። የቀድሞው ፊልም በአዲሱ ፍጥነት ሲታይ ሰዎቹ እንደ አሻንጉሊት እየዘለሉ ይሄዳሉ፤ ድምፅ አልባ ፊልም ሁሉ የሚያስቅ ነው የሚለው የተሳሳተ አስተያየት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ በሩ ዱልም ፍጹም ጸጥታ ውስጥ የተቀመጠው ወጣት ያየው በ1925 የነበረው ተመልካች ያየውን አይደለም።

ሆኖም ስሕተቱ ፍሬ ነበረው። ሙዚቃው ሲነሣለት ተመልካቹ ስሜቱን የሚመራለት ነገር ያጣል፤ ምስሉ ራሱ የት እንደሚቈረጥ፣ ሰው በምስሉ ውስጥ የት እንደሚቆም፣ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ለማየት ይገደዳል። ቋንቋውን የማያውቀውን የጃፓን ወይም የሩሲያ ፊልም የሚያይም እንዲሁ ነው። ያ ትውልድ ስለ ምስል አደረጃጀት የጻፈው ሁሉ የዚህ አስገዳጅ ትኵረት አሻራ አለበት።

የተረሱ ሰዎችም በዚህ መንገድ ተመለሱ። በ1955 ላንግሏ የፊልምን 60ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ መግቢያ ላይ የሉዊዝ ብሩክስን ግዙፍ ፎቶግራፍ ሰቀለ። ብሩክስ በ1929 በጀርመናዊው ፓብስት «የፓንዶራ ሣጥን» ውስጥ ከተወነች በኋላ ከሆሊውድ ተገፍታ በአሜሪካ በድህነት ትኖር የነበረች ሴት ናት። በ1958 ፓሪስ ተጋብዛ በሲኔማቴክ ክብር ተደረገላት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድምፅ አልባው ዘመን የጻፈቻቸው መጣጥፎች የፊልም ጽሑፍ ወዳዶች የሚፈልጓቸው ሆኑ። በ1962 ደግሞ ተራው የበስተር ኪተን ነበር፤ ሥራዎቹ በተከታታይ ሲታዩ እርሱ ራሱ ፓሪስ ተገኘ። ከሞቱ አራት ዓመት በፊት ነው።

ማሳየት ወይስ ማቆየት

ላንግሏ ያጋጠመውን ተቃውሞ ለመረዳት የፊልሙን ቁስ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለሲኒማ ቤት የሚሠራው 35 ሚሊሜትር ፊልም ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል ነገር ይሠራ ነበር። ናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲቃጠል ኦክሲጅን ከራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። ባይቃጠልም ይበሰብሳል፤ በመጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ጥቅሉ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ብቸኛው መፍትሔ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጦ በጊዜው ወደ ማይቀጣጠል ፊልም መገልበጥ ነው። ይህም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

የለንደኑ ክምችት ኃላፊ ኧርነስት ሊንድግሬን አቋም ከዚህ የተነሣ ነበር። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፊልም ግልባጭ እስኪሠራለት በማሳያ መሣሪያ ውስጥ ማለፍ የለበትም፤ በእያንዳንዱ ማሳየት ፊልሙ ይጫራል፣ ይበጠሳል። ገንዘቡ ለሁሉ ስለማይበቃም የሚጠበቁትን ፊልሞች ኮሚቴ ይምረጥ። ላንግሏ ሁለቱንም አልተቀበለም። ፊልም የማይታይበት መጋዘን ለእርሱ መቃብር ነበር። ስለ ምርጫው ደግሞ ጠንካራ ማስረጃ ነበረው። የፈያድ ተከታታይ ፊልሞች በ1930ዎቹ ተራ የገበያ መዝናኛ ተብለው የተናቁ ነበሩ፤ ኮሚቴ ቢቀመጥ ኖሮ ሊመርጣቸው አይችልም ነበር። ላንግሏ አልመረጠም፤ ያገኘውን ሁሉ አስቀመጠ፤ በኋላ የመጣው ትውልድ በፈያድ ውስጥ ታላቅ ዳይሬክተር አየ።

እንደ ንድፈ ሐሳብ ሲመዘን የላንግሏ ወገን ያመዝናል። በተግባር ግን ሊንድግሬን የፈራው ደረሰ። ጁላይ 10 ቀን 1959 በሩ ደ ኩርሴል በነበረው የሲኔማቴክ ግቢ የተቀመጡ የናይትሬት ጥቅሎች ተቀጣጠሉ። ከጠፉት መካከል የኤሪክ ፎን ስትሮሃይም «ዘ ሃኒሙን» ይገኝበታል። ይህ ፊልም በ1928 የወጣው «ዘ ዌዲንግ ማርች» ሁለተኛ ክፍል ሲሆን በዓለም ላይ መኖሩ የሚታወቀው የመጨረሻ ቅጂ ያ ነበር። ስትሮሃይም ከቃጠሎው ሁለት ዓመት ቀድሞ ሞቷል። ሌላ ምን እንደጠፋ ሙሉ በሙሉ ሊታወቅ አልቻለም፤ ምክንያቱም የተሟላ መዝገብ አልነበረም። ላንግሏ ዝርዝሩን በአእምሮው ይይዝ ነበር፤ ባለ መብቶች እንዳይወስዱበት በመፍራትም ያለውን ሁሉ ለማንም አይገልጽም ነበር። ጥርጣሬው መሠረት አልባ አልነበረም፤ የፊልም ኩባንያዎች በሕጋዊ መብታቸው ተጠቅመው ቅጂዎችን እንደሚያጠፉ ያውቃል። ይሁን እንጂ መዝገብ የሌለው ክምችት ምን እንዳለው ብቻ ሳይሆን ምን እንዳጣም አያውቅም። ይህ ከሕይወቱ ሥራ ሁሉ ለመከላከል የሚያስቸግረው ክፍል ነው። ከ1938ቱ ፌዴሬሽን ጋርም በዚያው ሰሞን ተጣልቶ ወጣ።

የ1968ቱ ውዝግብ

በ1963 ሲኔማቴክ በፓሌ ደ ሻዮ ትልቅ አዳራሽ አገኘ። ገንዘቡ ከመንግሥት የሚመጣ ስለነበረ መንግሥት ሒሳብ መጠየቁ አልቀረም። የጥያቄዎቹ ይዘት፣ ስለ መዝገብ፣ ስለ መጋዘን፣ ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ፍትሐዊ ነበር። አካሄዱ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1968 የአስተዳደር ቦርዱ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ መሥሪያ ቤት በያዘው አቋም መሠረት ላንግሏን ከዳይሬክተርነት አንሥቶ ፒየር ባርባንን ተካ።

ዜናው በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ተቃውሞው ተነሣ። ቻርሊ ቻፕሊን፣ አኪራ ኩሮሳዋ፣ አልፍሬድ ሂችኮክ፣ ፌዴሪኮ ፌሊኒና ሌሎችም ብዙ ዳይሬክተሮች ላንግሏ በሌለበት ሲኔማቴክ ፊልሞቻቸው እንዳይታዩ የሚከለክል መልእክት ላኩ። መሣሪያው በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር፤ የማሳየት መብት ከተነፈገ ቆርቆሮዎቹ ብቻቸውን ዋጋ የላቸውም። የመከላከያ ኮሚቴ ተቋቁሞ ዣን ሬኗር የክብር ሊቀ መንበር ሆነ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው በሻዮ አካባቢ ተሰልፎ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፤ ጎዳርና ትሩፎ ከተመቱት መካከል ነበሩ። ትሩፎ በዚያን ጊዜ ይሠራው የነበረውን «የተሰረቁ መሳሞች»ን ለላንግሏ ሲኔማቴክ መታሰቢያ አድርጎ በተዘጋው የሻዮ በር ምስል ጀመረው። ኤፕሪል 22 ቀን ላንግሏ ወደ ቦታው ተመለሰ። ብዙ የታሪክ ጸሐፍት ከሳምንታት በኋላ ፈረንሳይን ያናወጠው የሜይ ንቅናቄ ቅድመ ምልክት አድርገው ያዩታል፤ ለአንድ የፊልም ክምችት ኃላፊ ሲባል መንግሥት ማፈግፈጉ በእርግጥ ለተማሪዎቹ ትምህርት ሳይሆን አልቀረም።

ድሉ ግን ዋጋ ነበረው። መንግሥት ድጋፉን ቀነሰ፤ በ1969ም በቧ ዳርሲ የራሱን የፊልም ማቆያ ድርጅት ከፈተ። ማቆየትና ማሳየት በሁለት ቤት ተከፈሉ። ላንግሏ ገንዘብ ለማግኘት ሞንትሪያል ድረስ እየተመላለሰ የፊልም ታሪክ ያስተምር ነበር። በጁን 1972 በሻዮ የፊልም ሙዚየም ከፈተ። በውስጡ የሜሊዬስ ሥዕሎች፣ ለሙዚየሙ እንደገና የተሠራው የ«ሜትሮፖሊስ» ሮቦት፣ ሂችኮክ የሰጠው የ«ሳይኮ» እናት ጭንቅላት ይገኙ ነበር። ከዕቃዎቹ ሥር ግን የመግለጫ ጽሑፍ አልተለጠፈም። ከ1935ቱ ክበብ ጀምሮ እንደነበረው ሁሉ ጎብኚው አይቶ፣ አነጻጽሮ፣ ራሱ እንዲረዳ ተትቷል፤ ዕድለኛ የሆነ ደግሞ ላንግሏ ራሱ እየመራው ያየው ነበር።

በ1974 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የክብር ኦስካር ሰጠው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1977 በ62 ዓመቱ በልብ ሕመም ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ በሞንፓርናስም ተቀበረ። የመቃብሩ ድንጋይ ከብዙ ፊልሞች በተወሰዱ ምስሎች የተሸፈነ ነው። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በኦገስት 1980፣ በለ ፖንቴል የነበረው የሲኔማቴክ መጋዘን ተቃጥሎ ብዙ የናይትሬት ጥቅሎች ጠፉ። የተረፈውን መዝግቦና ገልብጦ ለመጨረስ የተተኪዎቹ ሥራ ብዙ ዓመታት ወሰደ።

ሲኔማቴክ ከ2005 ጀምሮ የሚገኘው በበርሲ፣ አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ በነደፈው ሕንፃ ውስጥ ነው። ትልቁ አዳራሽ በላንግሏ ስም ይጠራል። በዚያ ሕንፃ ድምፅ አልባ ፊልሞች ሲታዩ ዛሬ ከመጋረጃው ሥር ብዙውን ጊዜ ፒያኖ ተጫዋች ይቀመጣል።